የቲዎንጌ ኪሎ

ልጄ ኩምቦ፣

ጆሃንስበርግ ማዕድን ጉድጓድ በወረድክ ቁጥር ያወረደህ አምላክ በሰላም ያውጣህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን። በቆሎው እስከ ጉልበት ደርሷል፣ አባትህንም ሳሉ ለቆታል።

ስለ ሚስትህ ግን አልዋሽህም። ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ ክሊኒክ ብወስዳት ካለፈው ወር አንድ ኪሎ ቀንሳ ተገኘች። ነርሷ "ምን ትበያለሽ?" ስትላት ቲዎንጌ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኔን ላለማጋለጥ ነው።

እኔው ተናገርኩ። "እንቁላል የከለከልኳት፣ ሳትጠግብ ሳህኑን የማነሳባት እኔ ነኝ። ልጄ ምዊዛ ሕፃኑ ገዝፎባት በምጥ ሞታብኛለች። የዚችኛዋ ሕፃን ትንሽ ይሁን ብዬ ነው።"

ነርሷ አልተቆጣችኝም። "እማማ፣ የተራበች እናት ለምጥ ጉልበት ከየት ታመጣለች? ሕፃኑም አቅም አጥቶ ይወለዳል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ መጨመር አለባት። ምጥ ከፈሩ ደግሞ እዚህ ትውለድ እንጂ ቤት አትውለድ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቁላል እቀቅልላታለሁ፣ ባቄላና ኦቾሎኒም አላጓድልባትም። በዚህ ወር አንድ ኪሎ ተኩል ጨምራለች። ግን ከመጉረሷ በፊት ዛሬም ዓይን ዓይኔን ታያለች። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ስትደውል አትቆጣኝ አልልህም። ብቻ አስቀድመህ እሷን "ጠግበሻል ወይ?" በላት። እኔ ስጠይቃት ሁልጊዜ "አዎ፣ እማዬ" ነው መልሷ። ላንተ እውነቱን ትናገር ይሆናል።

እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት፤ አንተንም ልጅህን ለመሳም ያብቃህ።

እናትህ ኛጎንድዌ