የዕድራችን ጣት ወጊ፦ የአቶ ዳና ቶማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳና ቶማ ላሊሞ ከአባታቸው ከአቶ ቶማ ላሊሞ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባሎቴ ዋና በ1950 ዓ.ም. በወላይታ፣ ቦዲቲ አካባቢ ተወለዱ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የተወለደው ወላጅ አባቴ ማርቆስ ነው። ይህን ታሪክ ያዘጋጀሁት ኤልሳቤት ማርቆስ እባላለሁ፤ ጋሽ ዳና በሥጋ አጎቴ፣ በአስተዳደግ አባቴ ናቸው። ከማረፋቸው በፊት “ስታነቢው ሰው እንዳታስለቅሺ፤ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ጣቱን አይሰጥም” ብለው አስጠንቅቀውኛል። ነገሩ ምን እንደሆነ ከታሪካቸው ትረዱታላችሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ብርቱ ነበሩ። በመዝሙር ሰዓት ግን ድምፃቸው ከመምህሩ በልጦ ስለሚሰማ ከኋላ እንዲቆሙ ይደረግ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ይህ ድምፅ ኋላ በሰበታ ጸሎት ቤታችን ያለ ማጉያ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሆኗል።

በ1972 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ወደ ሰበታ መጥተው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ተቀጠሩ። የተከራዩት ቤት በኦቦ ገርባ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ኦቦ ገርባ የሰበታ ነባር ገበሬ ናቸው፤ ፋብሪካው የቆመበትን መሬት አባታቸው ያርሱት ነበር። ይህን ነገር የሚያነሡት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበዓል ቀን ብቻ ነበር፤ አቶ ዳናም በዚያ ቀን ዝም ብለው ይሰሟቸው ነበር። ኋላ ከግቢው አጠገብ የራሳቸውን ጎጆ ሲቀልሱም አጥሩን አብረው አጠሩ።

በ1977 ዓ.ም. ከከምባታ ከመጡት ከወ/ሮ ሚርያም ሄራሞ ጋር ጋብቻቸውን መሠረቱ። ጸሎት ቤቱ በጊዜው ታሽጎ ስለነበር ሰርጉ የተደረገው በኦቦ ገርባ ግቢ ነው። ኦቦ ገርባ ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንም በሬዎቻቸውን ወደ ጎረቤት ወስደው ቦታ ለቀቁ። እግዚአብሔርም ያቤጽን፣ ዮአብንና ሳምሪን ሰጣቸው።

አባቴ ማርቆስ ወንድሙን ተከትሎ በ1976 ዓ.ም. ወደ ሰበታ መጥቶ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ሁለቱም ያደጉት በቆጮ፣ በጎመንና በእግር መንገድ ነው። የፋብሪካ ኑሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ማሽን ፊት መቆም፣ ለምሳ ዳቦ በለስላሳ፣ ከፈረቃ ሲወጡ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር የተኛ ሻይ ነበር። ከደቡብ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ አበላሉ እንደዚያው ነው፤ ምግቡ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ የከተማ ሰውም ያሰኛል። አገር ቤት ሲኬድ እንኳ ለስላሳ ይዞ መግባት ወግ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አባቴ ውኃ አላረካው አለ፤ ሰውነቱም በጥቂት ወራት አለቀ። የፋብሪካ ጓደኞቹ “አገሩ ናፍቆት ነው” አሉ፤ ሌሎች ሳንባውን ጠረጠሩ። ስኳር ይሆናል ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባል ነበርና፣ አባቴ ደግሞ እንኳን ሀብት ሥጋም አልነበረውም። አቶ ዳና እናታቸው ዘንድ ሄዶ እንዲያገግም ብለው በአውቶቡስ አሳፈሩት። በመንገድ ሲጠማው እንዲጠጣም ለስላሳ በከረጢት ሞልተው ሰጡት። አያቴም እንዲበረታላት ወተት በማር እያደረገች አጠጣችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። ወንድምም እናትም በእጃቸው ያለውን ጣፋጭ ሁሉ የሰጡት በፍቅር ነበር። እናቴን ቀደም ብዬ አጥቼ ስለነበር አቶ ዳና ከቀብር ሲመለሱ እኔን ይዘውኝ ተመለሱ።

በ1996 ዓ.ም. ጥሙ በራሳቸው ላይ መጣ። ወ/ሮ ሚርያም በግድ ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሐኪሟ ስኳር መሆኑን ነግራቸው ምልክቶቹን መዘርዘር ስትጀምር የቀሩትን እሳቸው ቀድመው ጨረሱላት፤ ሁሉንም በወንድማቸው ላይ አይተውታል። እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ሐኪሟ ለራሳቸው ያለቀሱ መስሏት “አይዞዎት አባቴ፣ መርፌውን እየተወጉ ብዙ ዘመን ይኖራሉ” አለቻቸው። ከገጠር ወጥቶ አበላሉና ውሎው በአንድ ጊዜ የተለወጠ ሰው ቀጭንም ቢሆን ይህ በሽታ እንደሚያሰጋው፣ በቤተሰብም እንደሚተላለፍ ያስረዳቻቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አቶ ዳና አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፦ ማንም ሰው እንደ ማርቆስ የበሽታው ስም ሳይታወቅ እንዳይሞት። እኔን ግን ከሁሉ አስበልጠው እየወጉ አሳድገውኛል፤ ጣቶቼ ይመስክሩ።

በ2000 ዓ.ም. በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው የስኳር መለኪያ መሣሪያ እንዲገዛ ጠየቁ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ ነበሩ። “ዳና፣ ዕድር የሞተን መቅበሪያ ነው፤ ለታመመ ሐኪም ቤት አለለት” ብለው መለሱላቸው። አቶ ዳናም “ልክ ነዎት ኦቦ ገርባ። እኔ ግን ሞቼ ከምትሰበሰቡልኝ ቆሜ ሳለሁ ብትሰበሰቡልኝ ደስ ይለኛል፤ አብሬያችሁ እጫወታለሁ” ሲሉ ተሰብሳቢው በሳቅ አጀባቸው። የድንኳኑ ሸራ አንድ ዓመት ይቆይ ተባለና መሣሪያው ተገዛ። በዚያ ክረምት ድንኳኑ ያፈሰሰባችሁ ምክንያቱን አሁን ዐወቃችሁ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ስብሰባው ሲያበቃ አቶ ዳና በር ላይ ተቀምጠው የአባሉን ጣት ይወጉ ነበር። “ጣት ወጊው” የሚለው ስምም የወጣላቸው ያኔ ነው። ከደቡብ የመጡ ቀጫጭን የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞች ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሲገኝ “መሣሪያው ተበላሽቷል” እያሉ ይከራከሯቸው ነበር። እሳቸውም ሳይቆጡ የራሳቸውን ጣት ወግተው ያሳዩዋቸዋል፤ በማግሥቱም ክንዳቸውን ይዘው ክሊኒክ ያደርሷቸዋል። ጣታቸውን በጭራሽ ያልሰጡት ኦቦ ገርባ ብቻ ነበሩ። “ይሄ የፋብሪካ ሰው በሽታ ነው፤ እኔ ገበሬ ነኝ” ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጡ ነበር።

አቶ ዳና ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡት በወ/ሮ ራቢአ ሱቅ፣ በለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። “መድኃኒቴና ጠላቴ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ባዳረሰ ጊዜ የጅማ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ወር ዕድራችን ድንኳኑን ደጋግሞ ተክሏል። ኦቦ ገርባ የቀረችው መሬታቸው እንዳትሄድ ይሰጉ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣነው ደግሞ ነገ ምን እንደምንባል አናውቅም ነበር። የጎረቤት ሰላምታ እንኳ አጠረ። ወ/ሮ ሚርያም ልብስ በሻንጣ አድርገው ቢያዘጋጁም የሚኬድበት መንገድ አልነበረም። ወ/ሮ ራቢአም ሱቃቸውን ቆልፈው አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ ሄደው ስለነበር መድኃኒቱ እዚያው ተቆለፈበት። ያቤጽ ቁልፉን ልስበር ሲል አቶ ዳና ተቆጡ። “በዚህ ጊዜ የሰው ሱቅ በእኔ ምክንያት ተሰብሮ አይታይም” አሉት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥሙ ተመለሰባቸው። እኔ የአባቴን ፊት በእሳቸው ፊት ላይ አየሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ገርባ በራችንን አንኳኩተው ገቡ። “አካም ቡልቴ ዳና” ብለው የማለዳ ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡና “ከትናንት ጀምሮ ሽንት ቤት ስትመላለስ በአጥር አየሁህ” አሉ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ብልቃጥ አወጡ። አቶ ዳና አንብበው ሲያዩት ራሳቸው የሚወጉት ዓይነት ኢንሱሊን ነው። “ኦቦ ገርባ፣ ይሄ የማን ነው?” ብለው ጠየቋቸው።

“የእኔ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ” አሉ ኦቦ ገርባ።

ለካ ለመሬቱ ካሳ ቢሮ እመላለሳለሁ እያሉ አዲስ አበባ ከሄዱት ግማሹን የሄዱት ሐኪም ቤት ኖሯል። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወ/ሮ ገለቴ ብቻ ነበሩ። ገበሬ አይነካውም ሲሉ ኖረው እንዴት ብለው ይናገሩት? አቶ ዳና በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ኦቦ ገርባም “ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ፤ አልተበላሸም። በእርጥብ አሸዋ፣ በገንቦ ውስጥ ነው የማኖረው። በል ሳቅህን ጨርስና ተወጋ” አሏቸው። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ብልቃጥ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መርፌ፣ ጠዋትና ማታ ተወጉ። ወ/ሮ ሚርያምም ሻንጣውን ፈቱት።

በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ኦቦ ገርባ አጀንዳ ሳይነበብ ተነሥተው ወደ አቶ ዳና ሄዱና ጣታቸውን ዘረጉ። “እኔም አለኝ። ሁለት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ። በሉ ተራችሁን ያዙ” አሉ። በዚያ ቀን ሲሸሹ የኖሩ ብዙ ገበሬዎችና እናቶች ተመረመሩ፤ በሽታቸው በጊዜ የታወቀላቸው ዛሬ በመካከላችን አሉ። ወ/ሮ ራቢአም ከፍሪጃቸው አንዱን መደርደሪያ ከለስላሳ አጽድተው ለሰፈሩ መድኃኒት ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ አቶ ዳና በዕረፍት ቀናቸው በሚኒባስ ወደ ቡራዩና ሱሉልታ እየሄዱ፣ ብሎኬት የሚያመርቱና ሕንፃ የሚሠሩ ያገራቸውን ልጆች ይመረምሩ ነበር። ኦቦ ገርባ አብረዋቸው ይሄዱና በአፋን ኦሮሞ ለነዋሪው ያስረዱ ነበር፤ በመንገድ ላይ ስለ መሬቱ ነገር ሲያነሡ ግን እንደ ድሮው በዓመት አንዴ ብቻ አልነበረም፤ አቶ ዳናም አሁን መልስ ይሰጡ ጀመር።

አቶ ዳና ለሠላሳ ሰባት ዓመታት በትጋት ሠርተዋል፤ ደስተኛ ሰው ነበሩ። በመጨረሻ በሽታው ኩላሊታቸውን ጎድቶት ጥቂት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ ሰኔ 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በሰላም አርፈዋል። ሐኪሟ እንዳለችው ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ከወንድማቸው ሃያ አንድ ዓመት ዘግይተው ነው የሄዱት። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሚርያምን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ እኔን የወንድማቸውን ልጅ፣ እንዲሁም ወንድም ያህል የሆኗቸውን ኦቦ ገርባን ትተው አልፈዋል።

የተናዘዙት አንድ ነገር ነው። ለቀብራቸው ለስላሳ ወደ ድንኳኑ እንዳይገባ፣ ሻዩም ያለ ስኳር እንዲቀርብ አዘዋል፤ ስለዚህ የዛሬውን ሻይ ችላችሁ ጠጡት። ከመቃብር ስትመለሱ ኦቦ ገርባ መሣሪያውን ይዘው በድንኳኑ በር፣ በአቶ ዳና ወንበር ላይ ይጠብቋችኋል። ከማልቀሳችሁም ከመብላታችሁም በፊት ጣታችሁን ስጧቸው። የመጀመሪያዋን ጣት እኔ፣ የማርቆስ ልጅ፣ እሰጣለሁ።

ወንድማማቾቹን በአንድ ጥም የወሰደ እግዚአብሔር፣ ዳግም ጥም በሌለበት አገር ጎን ለጎን ያኑርልን። አሜን።