የሻይ ብርጭቆ የምታህል ጨጓራ

አዳማ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሜቲ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት? የዱባይ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? እዚህ ዝናቡ እመጣለሁ እመጣለሁ እያለ አቧራውን ብቻ ቀስቅሶብን ይሄዳል። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ያልኩሽ ደግሞ ዛሬ ከልቤ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከታች ታገኚዋለሽ።

በየሁለት ቀኑ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ያመጣው የኔ ውሸት ነው። ባለፈው ሐሙስ «እማ፣ እኔም ላሠራ ነው፣ ለነሐሴ ቀጠሮ ይዣለሁ። አንቺ ስላለፍሽበት እውነቱን ንገሪኝ፤ ጥሩ ነው?» አልሽኝ። እኔም «በጣም ጥሩ ነው!» ብዬሽ ወዲያው ስለ ጎረቤት ማውራት ጀመርኩ። ፊትሽን በስልክ ሳየው ደስ እንዲልሽ ብቻ ነው የምፈልገው፤ እውነት መናገር ያቅተኛል። ወረቀት ላይ ግን አታዪኝም። ጎረቤታችን ፋዲላ ከነገ ወዲያ እህቷን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ስለምትበር፣ ይኸን በእጇ ትሰጥሻለች። አንብቢና ያኔ ወስኚ።

ጥቅምት ላይ ከፋዲላ ጋር አዲስ አበባ የሄድኩት ለመቅጠን ብዬ አልነበረም። የወሰደኝ ወገቤ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በየሰርጉ ድንኳን ጎንበስ ብዬ ብረት ድስት ሳማስል የኖርኩ ወጥ ሠሪ ነኝ፣ ያውም መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ተሸክሜ። የወገብ ሐኪሙ «ክብደቱ ካልቀነሰ እኔ ብዙ አልረዳዎትም» አለኝ። በራሴ ሞከርኩ፣ አቃተኝ፤ ስኳሬም ወጣ። ከዚያ ነው ወደ ቀዶ ጥገናው የተላክሁት።

ዶክተሩ ከጨጓራዬ አብዛኛውን ቆርጦ እንደሚያወጣ በወረቀት ሥሎ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው የነገረኝን ዝም ብዬ አልቀበልም። የስንት በግ ጨጓራ አጥቤ፣ ለስንት ሰርግ ዱለት ከትፌ፣ የራሴን ሳላይ ልቅር? «ያወጡትን ያሳዩኝ» አልኩት። ሳቀ። «የምሬን ነው» አልኩት። በማግስቱ ፎቶውን በስልኩ ይዞልኝ መጣ። ሜቲዬ፣ ከበግ ጋር ምንም አይገናኝም! ያ ፎጣ የሚመስለው ነገር የለውም፤ ልስልስ ያለ፣ ሮዝ፣ እንዲያውም የሚያምር ነገር ነው። «ይኸን ሁሉ ዓመት ያስቸገረኝ ይሄ ነው?» ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ነርሷ ስልኩን ከእጄ ቀምታ ነው የመለሰችለት። የቀረልኝ የሻይ ብርጭቆ የምታህል እንደሆነች ነገረኝ። ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ብርጭቆ አውርጄ ምን ያህል እንደምትይዝ መሞከር ነው። የኔን ጉርሻ ሦስት እንኳ አልያዘችም።

ለሰፈር ሰው የተናገርነው ሌላ ነው። «የሐሞት ጠጠር አስወጣች» ነው ያልነው። «ወጥ ሠሪዋ በልታ በልታ ሆዷን አስቆረጠች» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። ፋዲላ «ምን ያሳፍራል?» ብላ ተከራክራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ታዲያ ሰፈሩ የሐሞት ጠጠር ያስወጣችን ሴት ሊጠይቅ ገንፎውን ይዞ ጎረፈ። መሃሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል። «አልችልም» ስል «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» በሞቴ ያለን ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? እጎርሳለሁ፤ ሰውየው ሲወጣ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

ግን ሁሉም መከራ ነበር ብዬ ደግሞ አልዋሽሽም፤ በጣም የሚገርም ነገር አለው። ደብተር ገዝቼ መመዝገብ ጀመርኩ። የተቀቀለ እንቁላል ይቀመጣል፣ የተጠበሰው ይመለሳል። እንጀራ ሆዴ ገብቶ ያብጥብኛል፣ ለሦስት ወር ተለያየን። ውሃና ምግብ አብረው አይገቡም፤ በመሃላቸው ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ። የዝዋይ ዓሣ ግን ወዳጄ ሆነ፤ በሎሚ ብቻ ቀቅዬ፣ በጣቴ ፈልፍዬ፣ አንዷን ጉርሻ ሃያ ጊዜ እያኘክሁ። ረሃብ የሚባለው ነገር ጠፋና ምላሴ ነቃ። ድሮ ወጥ የምቀምሰው በጭልፋ ነበር። አሁን በማንኪያ ጫፍ ነክቼ ጨው ይጎድለዋል፣ ሽንኩርቱ ቸኩሏል እላለሁ፣ አልሳሳትም። አብራኝ የምትሠራው ዱሬቲ «እትዬ፣ መቅመሻሽን ነው እንዴ ያስጠገንሽው?» ትለኛለች፤ እሷም የምታውቀው የሐሞቱን ነበር።

ስህተቴ የመጣው በየካቲት ነው። ሁዳዴ ገባ። ዶክተሩ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ አንድ ቀን እንዳላቋርጥ አስጠንቅቆኛል፤ ትንሽ ስለምበላ ከሌላው በፊት ፕሮቲኑ መግባት አለበት። ግን የሐሞት ጠጠር ያልኩ ሴት በሁዳዴ እንቁላል ስቀቅል ብገኝ ምን ልል ነው? ለንስሐ አባታችን ለቄስ መርዳሳም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውን ከሰፈሩ ይልቅ አፍሬአቸው ነበር። ስለዚህ ጾምኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ ወይ ምስር፣ ማታ ደግሞ ትንሽ ጎመን። ለሙሉ ሆድ ጥሩ ምግብ ነው። ለኔ ብርጭቆ ግን አልበቃም።

ኪሎዬ እንደ ጉድ ወረደ። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ «አማረች፣ አማረብሽ!» ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጾሙ ለእግዚአብሔር ብቻ አልነበረም፤ ሚዛኑ ላይ መውጣትም ደስ ብሎኝ ነበር። ወገቤ ግን ባሰበት። እኔም ግራ ገባኝ፤ ሸክሙ ከቀለለ ለምን ይብስበታል? ድሮ ለወገቤ ማስታገሻ የምውጠውን ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ስገባ ፋዲላ በር ላይ አገኘችኝ። ዶክተሩ ይኸን ኪኒን እንዳልነካ፣ የተሰፋውን ጨጓራ ሊያቆስለው እንደሚችል ሲነግረኝ አብራኝ ነበረች። «አንቺ ሴትዮ፣ የተረፈችሽንም ልትበሻት ነው?» ብላ ቀማችኝ።

ከፋሲካ በኋላ፣ የዳግማዊ ትንሣኤ ለት፣ በሞጆ መንገድ የትልቅ ሰርግ ወጥ ይዘን ነበር። ድስቱ ሲከፈት የሙሽራዋ እናት መጣችና «እጅሽን ይባርከው» ብላ ከዶሮው አጎረሰችኝ። ደገመችኝ። «በቃኝ» ስል «በሞቴ! የልጄ ሰርግ እኮ ነው!» ሦስተኛውን ደረቴ ላይ እየቆመብኝ ዋጥሁት። ያንኑ እንደያዝኩ ከዱሬቲ ጋር ድስቱን ከእሳቱ ልናወርድ ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ቆለፈ። አልቃና፣ አልቀመጥ፣ እንደጎበጥኩ ቀረሁ። የበላሁትም በሙሽራዋ እናት ጫማ ላይ ተመለሰ። ሽንኩርት ጆንያ ላይ አስተኙኝ። ዱሬቲ ወጡን ጨረሰችው። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ የድንኳኑን ጣሪያ እያየሁ ሙያዬ እዚያው ያበቃ መሰለኝ፣ አለቀስኩም። ለአንቺ በማግስቱ ስትደውዪ «ሰርጉ አማረ» ነው ያልኩሽ።

ፋዲላ ጋዲሳ ወደሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰደችኝ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ። «አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብሎ እንደ እናቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለኝና ወገቤን ትቶ ስለ ምግቤ ጠየቀኝ።

«በደንብ እበላለሁ» አልኩት።

«ትናንት ምን በሉ?»

ፋዲላ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«አዴ፣ የሚሠሩት ድንኳን ውስጥ ነው አይደል?» አለኝ። «ሸራው ከብዷል ብለው ሲያቀሉት ምሰሶውንም አብረው ነቀሉት። የሄደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ወገብዎን የያዘው ጡንቻም አብሮ ሄዷል። እኔ ስፖርቱን ላሳይዎት እችላለሁ፤ ካልበሉ ግን በምን ይቆማል?»

ይኸን ማንም እንዲህ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። የጥያቄዬ መልስ ሲገኝ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደነገጥኩ።

በዚያው ሳምንት ቄስ መርዳሳ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ ዋሽቻለሁ» ብዬ ከሐሞት ጠጠሩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ መሬት መሬት ሳይ «ሁዳዴን ስንት ቀን ጾምሽ?» አሉኝ።

«ሃምሳ አምስቱንም።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ለመብላት ነው እንጂ ለመጾምም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ አባቴ?»

«የታመመ ይጠይቃል እንጂ! ሐኪም ያዘዘልሽን የተውሽው ለእግዚአብሔር ብለሽ ነው ወይስ ለጎረቤት?»

ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ እንዲህ ያለ ቀኖና ሰምቼ አላውቅም። በሰኔ ጾም በየቀኑ የታዘዘልኝን እንቁላል እንድበላ፣ ስበላም በሬን እንዳልዘጋ።

ይኸው ስምንተኛ ቀኔ ነው። በረንዳው ላይ ሆኜ እንቁላሌን እየላጥሁ ነው የምጽፍልሽ። የመጀመሪያው ቀን አንዷ ጎረቤት አየችኝና «ውይ አማረች፣ ጾም እኮ ነው!» አለች። «አውቃለሁ፤ ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው» አልኳት። ቁጭ አለች፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ፎቶውንም ማየት ፈልጋ ነበር።

አሁን ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ። ስኳሬ ወርዷል። ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ መቀመጫዬን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ብታዪኝ በሳቅ ትሞቻለሽ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። የሰፈራችን ብረት በያጅ ለድስቱ ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ ሠርቶልኛል፤ የድስቱ አፍ ወገቤ ጋ ስለሚደርስ ቆሜ አማስላለሁ፣ ማውረዱን ለወጣቶቹ ትቻለሁ። ወገቤ ከነጭራሹ አልተወኝም። አንዳንድ ቀን ያመኛል፣ ያኔ አረፍ እላለሁ። ቫይታሚኑን ግን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ። ጾሙ ሊገባ ሲል ትንሽ ሰርግ ጨርሼ በእግሬ ቆሜ ተመረቅሁ።

እንግዲህ ጥሩ ነው ወይ ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። ለኔ ጠቅሞኛል፤ ግን ቢላው የሠራው ግማሹን ነው፣ ሌላውን ግማሽ በየቀኑ እኔው እሠራዋለሁ። የኔን መቅጠን አይተሽ ብቻ አትግቢበት። የኔ ሰውነትና ያንቺ አንድ አይደለም። ሐኪምሽን አድክሚው፣ ሁሉንም ጠይቂ። ከገባሽበት ደግሞ አብረውሽ ለሚኖሩት እውነቱን ንገሪ፣ እንደኔ እንዳትደበቂ። አሠራሽም አላሠራሽም ልጄ ነሽ፣ ለኔ ዛሬም ቆንጆ ነሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደብዳቤውን የጀመርኩት እንዲያውም ለሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርት ጆንያው ላይ ተኝቼ የሙሽራዋ እናት «በሞቴ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ሲደጋገም ያንቺ ፊት መጣብኝ። አባትሽ ጆቴ ያረፈ ዓመት ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከሰርግ ስመለስ በፌስታል ሥጋ ይዤልሽ እመጣለሁ። ምሳሽን በልተሻል፣ «እማ፣ ጠገብኩ» ትያለሽ። እኔ ደግሞ ያለ አባት የቀረች ልጄ ከሳች እንዳይሉኝ ጠቅልዬ «በሞቴ» እልሻለሁ። ዓይንሽ ፍጥጥ ብሎ ያየኝና አፍሽን ትከፍቻለሽ። ያኔ ወጤ ጣፍጦሽ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ርቦሽ አልነበረም፤ እኔም እንዳልሞትብሽ ነው የጎረስሽው። ይቅር በይኝ ልጄ። አላወቅሁም ነበር።

ፋዲላ ሻንጣ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሽሮ አለልሽ። አምስት ኪሎ ልልክ ነበር፣ እጄን ያዝኩት።

እመቤቴ ማርያም በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ፤ ሰው አገር ሰው አያሳጣሽ፤ ጤናሽን ይስጥልኝ። ለእረፍትሽ ስትመጪ የምትወጂውን ሠርቼ አቀርብልሻለሁ። ጠገብኩ ስትዪኝም አምንሻለሁ።

እናትሽ አማረች