እህቴ ብሎኝ በሩን ቆለፈ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡20

ደብተሬ፣ ኦክላንድ ኦፕን ሃውስ ነበረኝ፤ የሚሸጥ ቤት ለመጣ ሁሉ ከፍቼ ማሳየት። ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ሰው የለቀቀው ቤት። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት። የገባውን ሁሉ ስምና ስልክ አስሞላሁ። አንዱን ብቻ ሳላስሞላ አሳለፍኩት።

ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መጣ። ጎልማሳ፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ባጄን አነበበና «እህቴ፣ የኛ ልጅ ነሽ እንዴ!» አለኝ በአማርኛ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ፎርም ሙላ ማለት አፈርኩ። ያገር ሰው መታወቂያ ይጠየቃል? ብቻዬን መሆኔን ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። ሳን ሆዜ እንደምኖር ሳይቀር ነገርኩት። ማን ጠየቀኝ?

ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ማየት ፈለገ። ቅደም አልኩት። ኮርስ ላይ የተማርነው ነው፤ ደንበኛ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ፣ መውጫው ቅርብ። እሱ ግን አንቺ ቅደሚ አለ። ፈገግ እንዳለ ተመልሶ የፊቱን በር ቆለፈ።

«ምነው ቆለፍከው?»

«ብርድ ገባ።»

ውጭ ፀሐይ ነው።

ስልክ የመጣልኝ አስመስዬ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጎረቤት አንዲት አሮጊት አትክልት ታጠጣለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ስለ አትክልቷ ጠየቅኳት። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው በፊት በር ሲወጣ በቤቱ ጎን አየሁት። እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ቸርች ነበርኩ። ከስብከቱ አንድም አልያዝኩ። ሰውየው አልነካኝ፣ አልሰደበኝ። በርዶት ቢሆንስ? ታዲያ ማታ በሬን ለምን ሁለቴ ፈተሽኩ?

ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። የቢሯችን ኃላፊ ናቸው፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው። እግዜር አወጣሽ አሉኝ። ቀጥለው ግን፣ «ስሙን እንኳ ሳታውቂ ምን ብለሽ ትከሺዋለሽ፣ ልጄ? ሐበሻው ትንሽ ነው፣ ወሬው ላንቺ ይተርፋል።» ለኔ አስበው ነው። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ደግሞ ቀሎኝ ነው፤ ራሴን የማልወደው በዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ረፋድ

ሐና ደወለች። የቢሯችን አዲሷ ልጅ፤ ላይሰንስ ካወጣች ሦስት ወሯ። ድምጿ ይስቃል። የመጀመሪያ ደንበኛዋን አገኘች። ሐበሻ ነው፣ ደውሎላት ትናንት ካፌ ተገናኙ፤ ነገ ሳን ሆዜ ያለውን ባዶ ቤት ሊያይ ነው። በጣም ጨዋ፣ ከእህቴ ሌላ አይጠራኝም አለች። ብቻዋን እንደምትመጣም ጠይቋታል።

ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት። ጎልማሳ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለች።

የቅዳሜውን አንድ በአንድ ነገርኳት። «ለምን እስካሁን አልነገርሽንም?» አለች።

ቀጠሮውን ሰርዢው አልኳት።

ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት

ሐና ቀጠሮውን ካንስል አደረገች። የደወለበትን ቁጥር ላከችልኝ።

እትዬ አልማዝ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፖሊስ ጋ ልሄድ ነው። ያው ሰው ባይሆን እንኳ ቅዳሜ የሆነውን ልናገር ነው» አልኳቸው። ለቢሮው ሴቶች ሁሉም ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ ሐበሻ ነው ብዬም እጽፋለሁ። ከእንግዲህ ማናችንም ባዶ ቤት ብቻችንን አንከፍትም።

የሚቆጡኝ መሰለኝ።

«የት ነሽ?» አሉ። «እንዳትሄጂ፣ አብረን ነው የምንገባው።»

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ደጅ ቆሜ እየጠበቅኳቸው ነው።