ኑሮ የገባበት ልብስ፦ የአልባሳት ባለሙያዋ የእህታችን የሕይወት ታሪክ

በቤተሰብና በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ሜትሬ» በሚል የፍቅር ስም የሚታወቁት እህታችን፣ ፖስተኛ ከነበሩት አባታቸውና የልብስ ማጠቢያ ቤት ከነበራቸው እናታቸው በየካቲት ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ የካውያ እንፋሎት ግድግዳውን በሚያረጥብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከመኝታቸው ራስጌ የሰፈሩ ሰው ልብስ ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ገና ፊደል ሳይለዩ የሱሪን ጉልበት አይተው ባለቤቱ ተንበርክኮ የሚሠራ ይሁን ተቀምጦ የሚውል ይናገሩ ነበር። የአባታችንን የደንብ ልብስ ከሌሎች ፖስተኞች ልብስ የሚለዩትም የቦርሳው ማንገቻ ባሳሳው ቀኝ ትከሻው ነበር። «ይሄ የአባዬ ነው፤ ደክሞታል» ይሉ እንደነበር እናታችን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያጫውቱን ኖረዋል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እናታችን የባንክ ሠራተኛ እንዲሆኑላቸው ይመኙ ነበር። እህታችን ግን የሥነ ጥበብ ትምህርትን መረጡ። አንድ ቀን ለተማሪዎች ቴአትር የሚሆን አዲስ ሸሚዝ በጓሮ ጭቃ ሲያሹ እናታችን ደረሱባቸውና፣ «እኔ የሰው ልብስ ሳጸዳ አረጀሁ፤ ልጄ ደግሞ ለማቆሸሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች!» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁ። ያም ሆኖ በምረቃው ዕለት ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እርሳቸው ነበሩ።

እህታችን በ1966 ዓ.ም. በከተማው ቴአትር ቤት የአልባሳት ክፍል በረዳትነት ተቀጠሩ። ክፍሉ ከመድረኩ ሥር ነበር። ተዋንያን ከላይ ሲደንሱ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ አቧራ ይረግፍ ስለነበር፣ እህታችን የትኛው ትርኢት የትኛው ገቢር ላይ እንደደረሰ ከአቧራው ያውቁ ነበር። በዚያ ክፍል ቅድን፣ ቀለም መንከርን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልብስ የለበሰን ሰው ዝም ብሎ ማየትን ተማሩ።

በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሠሩ። የፊልሙ ዋና ባለታሪክ ባሏ ከሞተባት ወራት ያለፏት ሴት ነበረች። እህታችን ሐዘን ክብር ይገባዋል ብለው፣ የልብስ አጣቢም ልጅ ነበሩና፣ ጥቁሩን ቀሚስ እጥፋቱ ምላጭ እስኪመስል ተኩሰው ተዋናይዋን አለበሱ። ፊልሙ ለሕዝብ በታየበት ዕለት ሴትየዋ የባሏን ባዶ ወንበር አቅፋ የምታለቅስበት ቦታ ደረሰ። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ «ውይ! ይቺ ደግሞ ከለቅሶ ነው ከሱቅ የመጣችው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ የሚያለቅስ የቀረ ቢኖር ከኋላ የተቀመጡት እህታችን ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት መርፌ አልነኩም። ሲመለሱ ግን እስከ መጨረሻው የጸኑበትን አሠራር ይዘው ተመለሱ። በሙያው የተለመደው፣ አዲስ ልብስን በሻካራ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በሻይ ውኃ ነክሮ ማስረጀት ነበር። እርሳቸው፣ «እጅ ያስረጀውና ኑሮ ያስረጀው ልብስ አንድ አይደለም፤ እጅ ሰው የት ጋ እንደሚደክም አያውቅም» በማለት፣ የሚሰፉትን ልብስ ሁሉ ከቀረጻውና ከትርኢቱ ወራት አስቀድመው ለሰው ያለብሱ ጀመር።

ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1971 ዓ.ም. ለአንድ ፊልም የሹፌር ኮት አስፈለጋቸውና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደው አንድ ወጣት ሹፌር አዲሱን ኮት ለብሶ እንዲያሽከረክርበት ለመኑት። እርሱም ተስማማ። እህታችን ክርኑና ጀርባው እንዴት እየሆነ እንደመጣ ለማየት በየሳምንቱ አውቶቡሱ ላይ ይሳፈሩ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሹፌሩ፣ «ኮቱን ብቻ ነው የምትወስጂው ወይስ ሹፌሩንም?» ብሎ ጠየቃቸው። እህታችን ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ «በመጀመሪያ ኮቱ ይመለስ፤ ለሹፌሩ ልኩን ከወሰድኩ በኋላ መልስ እሰጣለሁ» አሉት። በተከታዩ ዓመት ተጋቡ፤ በ1974 እና በ1978 ዓ.ም. ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ሳይቀጠር የቴአትር ቤት ሠራተኛ ሆነ። ባለቤታቸው በንጉሥ ካባ ዳቦ ሊገዙ ይወጡ ነበር። የባለቤታቸው ወንድም የጄኔራል ካፖርት ለብሰው በሰፈሩ ሲያልፉ የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ወታደራዊ ሰላምታ ስለሰጧቸው ካፖርቱን አልመልስም ብለው ብዙ አስቸግረዋል። ትንሿ ልጃቸው የለማኝ ሹራብ ለብሳ ትምህርት ቤት በመሄዷ መምህሯ እህታችንን አስጠርተው፣ «እመቤቴ፣ እቤት ውስጥ የገጠማችሁ ነገር አለ?» ብለው በሐዘኔታ ጠይቀዋቸዋል። ሥራ አገር ለአገር ያዞራት የነበረች ታላቅ እህታቸውም በሄደች ቁጥር ሻንጣዋ ውስጥ የሌላ ሰው ልብስ አይጠፋም ነበር። በባቡር፣ በመርከብና በየአውሮፕላን ማረፊያው አግዳሚ ላይ ያደረ አንድ የመንገደኛ ካፖርት በመጨረሻ መድረክ ላይ የታየው ለአንዲት ዘፈን ያህል ብቻ ነው። «ለዚህ ነው ዓለምን ያዞርሽኝ?» ስትላቸው፣ «አንቺ እኮ ለሽርሽር ነው የሄድሽው፤ የሠራው ካፖርቱ ነው» ብለው መልሰውላታል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ልብስ ለባሽ አጣ። ለንጉሥም ለለማኝም የሚሆን ገላ የማይነፍጋቸው ዘመድና ጎረቤት፣ ጥቁር የሐዘን ልብስ ሲመጣ በሩን ይዘጋ ነበር። በጄኔራሉ ካፖርት ያስቸገሩት የባለቤታቸው ወንድም እንኳ፣ «ሟርተኛ! ማን ሊሞትብኝ ነው ጥቁር የምለብሰው?» ብለው ከነልብሱ አባረዋቸዋል። እህታችን ያላመኑበትን ልብስ መድረክ ላይ ላለማውጣት ወስነው፣ የሐዘን ትዕይንት ያለበትን ሥራ ሁሉ ከአራት አሥርተ ዓመታት በላይ ሳይቀበሉ ኖሩ። ከእነዚያም መካከል ትልልቅ ሥራዎች ነበሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ያቺ ሴትዮ አሁንም ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣለች» ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ኦፔራ ቤት ተዛወሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያም ዘፋኝን ዝም አስብሎ መለካት እንዲቀር ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ጎድን የሚሰፋው ድምፅ ሲወጣ ስለሆነ፣ «ዝም ስትዪ አንቺን አላገኝሽም፤ ዝፈኚና ልለካሽ» እያሉ፣ ዘፋኟ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ ሜትሩን ያጠብቁ ነበር። በአንድ ወቅት የኦፔራው ዳይሬክተር፣ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች የክርን እጥፋት አያይም፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው ሲሉ ተከራክረዋቸዋል። እህታችንም፣ «ተመልካቹ ላያይ ይችላል። ዘፋኙ ግን እጁን ሲያስገባ ከእርሱ በፊት ሰው እንደኖረበት ያውቃል» ብለው መለሱ።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. በድንገት ከዚህ ዓለም ተለዩ። ክረምቱን ሙሉ የለበሱት ቡናማ ኮት በዚያን ጊዜ ለቀረጻ ተወስዶ ነበር። ፊልሙ በታየበት ምሽት ተዋናዩ ለካሜራው ጀርባውን ሲሰጥ፣ ወደ መስኮት ዘንበል ያለው የሹፌሩ ትከሻ ከነድካሙ ታየ። ትልቋ ልጃቸው ጨለማው ውስጥ «አባዬ!» ብላ ብድግ አለች። ፊልም ሠሪዎቹ ኮቱን ለቤተሰቡ መለሱ፤ ልጆቹም በሣጥን ይቀመጥልን አሉ። እህታችን አንድ ሌሊት አቅፈውት ካደሩ በኋላ ለቴአትር ቤቱ አስረከቡት። «አባታችሁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አሏቸው። ኮቱ ዛሬም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መድረክ ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ ሐኪማቸው የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ነገሯቸው። በዚያው ሰሞን ኦፔራ ቤቱ መርከብ ሰጥሞባት ስለምታለቅስ የወደብ ከተማ የሚተርክ ሥራ እያዘጋጀ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሐዘን ልብስ ነው። በእርሳቸው እጅ ያደጉት የአሁኑ የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ሊጠይቋቸው መጥተው ስለ ሥራው ሲያወሩ፣ እህታችን ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ስጡኝ፤ አሁን ለባሽ አለኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ቤታቸው የስፌት ክፍል ሆነ። የመድኃኒቱ ጠረጴዛ ላይ መቀስና ክር ተደረደረ። የእያንዳንዱን ዘፋኝ ልክ ከአንድ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ባልደረባ ልክ ጋር አዛመዱ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይለካ ነበር። ቀዳጆቹና ሰፊዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ እርሳቸው ግን መርፌ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ቁልፉን ሁሉ በእጃቸው ተከሉ። ጭንቀታቸው ሕመሙ አልነበረም፤ ልብሶቹ ሳያልቁ እንዳይቀድማቸው ብቻ ነበር። የባለቤታቸው ወንድም ጥቁሩን ኮት ሲያዩ እንደ ድሮው፣ «ለማን ነው የምንለብሰው?» አሉ። «ለእኔ ነዋ! ሌላ ሰው አላስቸግርም» አሏቸው። ወንድምየው እጃቸውን በእጅጌው ውስጥ አስገቡና፣ «እንግዲያው ወገቡ ይላቀቅልኝ፤ ለአንቺ ብዙ ነው የምቀመጠው» አሉ።

የመጨረሻው ቀሚስ የታላቅ እህታቸው ነበር። እርሱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ስፍራ ጥቁር ለብሰን የቆምነው አብዛኞቻችን የለበስነው እርሳቸው የሰፉልንን ነው። የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ ልብሶቹ ሳይታጠቡ ወደ ኦፔራ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ትርኢቱ በጥር ወር ይከፈታል። ለለባሾች በቃል የተዉት መመሪያ የሚከተለው ነው፦ «ልብሱን አትጠንቀቁለት። መንበርከክ ያማረው ይንበርከክ፤ እንባውን በእጅጌው የሚጠርግ ይጥረግ፤ መሳቅ የመጣበትም ይሳቅ፣ እኔን እያሰበ ዝም የሚል የለም። ካውያ ብቻ እንዳታስነኩብኝ።»

እህታችን የሁለት ሴት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸውና እኛ ታናናሾቻቸው፣ የባለቤታቸው ወንድም፣ በእርሳቸው እጅ ሙያውን የተማሩ ባለሙያዎችና ወዳጆቻቸው ሁሉ በሞታቸው አዝነዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ በአልጋቸው አጠገብ ቆመው ለተለኩላቸውም ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሰውን ሁሉ በልኩ ሲያለብሱ የኖሩትን እህታችንን፣ ፈጣሪ በልካቸው ያሰናዳላቸውን ዕረፍት ያልብስልን። ለእኛም ይህ ልብስ ሐዘናችንን በሚገባ ከተማረ በኋላ በሰላም የምናወልቅበትን ቀን ያምጣልን።