ሃያ ሁለት ኪሎ

ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሶሳ። ክብደቴ ስልሳ ስድስት ኪሎ ነው።

ውድ እታለም፣

ሰላምታውን ለኋላ ላቆየውና ከቁጥሩ ልጀምር። ጥቅምት ላይ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። ሃያ ሁለቱን በሽታ አልወሰደብኝም። ወድጄ ነው ያወረድኩት። ይህን በስልክ ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ሞክሬያለሁ። ጆሮሽ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ጻፍኩት። ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ ዛሬውኑ ለሃኒ በቴሌግራም እልካቸዋለሁ። ሃኒ፣ አያቴ ይከፋታል ብለሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢላት።

የምጽፍልሽ ይገረም የሚባል ፎቶ አንሺ ቤት ተቀምጬ ነው። መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። እዚህ ምን እንዳመጣኝ ስደርስበት እነግርሻለሁ።

ጥቅምት ላይ የኮሌጃችን ሠራተኛ በሙሉ ሲመረመር የእኔ ስኳር ወሰኑ ላይ ተገኘ። የመረመረችን ጤና መኮንን ዓፊያ ትባላለች፤ የበርታ ልጅ ናት፣ ሥራዋን የምታውቅ። ክብደት ይቀንሱ፣ ስኳርና ለስላሳ ይተዉ፣ በእግርዎ ይሂዱ አለችኝ። ጀመርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስታዲየም ሄጄ ስምንት ዙር እሮጣለሁ። መጀመሪያ ስኳሩን ተውኩ፣ ከዚያ ዳቦውን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ ራቱን። በመጀመሪያው ወር አምስት ኪሎ ወረደ። ቀበቶዬን በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወጣት ሆንክ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እንደ ሁልጊዜው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። ሩጫውንም አልተውኩም። መጋቢት ሲጋመስ ጉልበቴ የሌላ ሰው ሆነ። የምሠራበት ዕቃ ግምጃ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። ስምንተኛው ላይ ቆሜ ወረቀት የማነብ መምሰል ጀመርኩ። ከወንበር ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ እዚያው የምቆይበት ጠዋት አለ። አሶሳ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርቤ እውል ነበር። የደከመኝ ገና ስላልጠነከርኩ ነው ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩበት። ለፋሲካ አንድ ቀን በላሁ። በማግስቱ ሚዛን ላይ ወጣሁና አንድ ኪሎ ጨምሬ ሳገኘው ደንግጬ ወደ ጎመኔ ተመለስኩ።

ያንቺን የምታውቂው ነው። በዳግም ትንሣኤ የአያ ታፈረ የልጅ ልጅ ተዳረች፤ እዚያ የተነሣሁት ፎቶ ሃኒ ዘንድ ደረሰ። ደወልሽ። ምን እንደያዘኝ ጠየቅሽኝ። ዳይት ነው አልኩሽ።

«መድኃኒት አለው?» አልሽኝ።

እኔ ስስቅ ዘጋሽው። በአምስተኛው ቀን አያ ታፈረ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ መጡ። ማን እንደላካቸው አልጠየቅኩም። በሰማንያ ሦስት አንቺና ሰው ሁሉ ወደ ወሎ ስትመለሱ፣ ሚኒስትሪ ሳልፈተን አልሄድም ብዬ ሳስቸግርሽ አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ ለሳቸው ነው፤ ከሌላ ሰው ትእዛዝ አይቀበሉም። ሚስቴ ምሳ አቀረበች። አንዳቸውም እጃቸውን አልታጠቡም። እህል የምንቀምሰው ነገሩ ሲያልቅ ነው አሉ። አያ ታፈረ ወደ ሰብለወንጌል ዞሩና ከባልሽ ጋር ምን አጣላችሁ ብለው ጠየቋት። ሰፈሩ ውስጥ ሚስቱ ምግብ ከለከለችው ተብሎ ይወራ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ሰምታ ኖሯል።

«አያ ታፈረ፣ የተጣላው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከእንጀራ ጋር ነው» አለች። «ለማስታረቅ ከሆነ የመጣችሁት ከእሱ ጋር አስታርቁልኝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። አያ ታፈረ አልሳቁም። «ከወሎ ያስወጣን ራብ ነው» አሉኝ። «እናትህን የቀበርናት በሱ ነው። አንተ ምን ቸግሮህ ነው ፈልገህ የምታስገባው?»

ስለ ስኳር አስረዳኋቸው፤ ወሰኑ ላይ ነው አልኳቸው። ታዲያ ወሰን ላይ ያለ ሰው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ጥሎ ይሸሻል እንዴ አሉ። ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። ከዚያ እነሱም በሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ነው፣ እንደ ዋዛ፣ እህትህ ቅዳሜ ትነሣለች ያሉኝ። በዚያ ጉልበትሽ፣ በዚህ መንገድ። መንገዱ እንዴት እንደከረመ እናንተም ትሰማላችሁ።

በማግስቱ ዓፊያ ዘንድ ሄድኩ። ደም ቀዳችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ጎመንና ሩብ እንጀራ፣ ማታ ውሃ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ዙር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ ስትናደድ «እርስዎ» የሚለው ይጠፋባታል።

«እኔ ስኳር ተው አልኩ። እንጀራ በልክ አልኩ። ምግብ ተው ማን አለ?»

«ልኩ ስንት ነው?» አልኳት።

የምቀልድ መሰላት። እኔ ግን የምሬን ነበር። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው መብላትንና አለመብላትን ነው። በመካከላቸው ሌላ ነገር እንዳለ ያስተማረኝ የለም። የማዘዣ ወረቀት ገለበጠችና ሳህን ሣለችልኝ። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር ወይም ዕንቁላል ወይም ሥጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሩጫ በሳምንት ሦስት ቀን። ስኳሩ ወርዷል፣ ደሜ ግን አንሷል። የብረት ኪኒን ሰጠችኝ። በሁለት ወር እበረታለሁ አለች። ያለብኝ ይኸው ነው፤ ከዚህ የደበቅኩሽ የለም።

የደበቅኩሽ ሌላ ነው።

ለሰፈራ መጥተን አምባ ዘጠኝ ስንገባ አንቺ አሥራ አምስት፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የቀርከሃ ቤታችን ውስጥ ገና ያልደረቀ ቀርከሃ ይሸት ነበር፤ ዛሬም አጥር የሚያጥር ሰው አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ ያቆመኛል። ራሽኑ በጣሳ ተለክቶ ይሰጠናል፣ ለሁለት ሰው ሁለት ጣሳ። አንቺ ድርሻሽን ይዘሽ ጥግ ትሄጃለሽ፣ ጀርባሽን ትሰጭኛለሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ «ተርፎኝ ነው» ብለሽ ታመጭልኛለሽ። የመጀመሪያው በቆሎ የደረሰ ቀን ግን ሁለታችንም እሸት ጠብሰን እስኪያመን በላን። ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ ተጋድመን ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ስትስቂ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሆነ ሰው ስለ ሰፈራው ሲጠይቀኝ የምነግረው ያንን ነው። ወባውን አልነግረውም፣ አንቶኖቭ አውሮፕላኑ ውስጥ ያስታወከንን አልነግረውም፤ እሸቱን ነው የምነግረው።

በሚቀጥለው ሐምሌ የማኅበሩን ማሽላ ስታርሚ ወደቅሽ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛሽ ነበር። ማታ መጋዘኑ ፊት ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው አንዳንድ ሰው ሥራ ሲጠላ ይወድቃል አለ። ራሽኗን በሙሉ ወስዳለች፣ በልታለች፣ ታዲያ በምን ደከመች አለ። አንቺ መሬት መሬት ታያለሽ። አያ ታፈረ ልጅቱ ደክሟት ነው ብለው ሊናገሩ ተነሥተው ነበር፤ አስቀመጣቸው። ከዚያ እኔን ከልጆቹ መካከል ጠራኝ።

«ልጅ አይዋሽም። እህትህ ድርሻዋን ትበላለች አትበላም?»

«ትበላለች» አልኩ።

የሦስት ቀን የሥራ ነጥብ ተቆረጠብሽ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ሰነፏ እያሉ ሲጠሩሽ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ካድሬውን ፈርቼ እንዳይመስልሽ፣ አልፈራሁትም። አትበላም፣ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ ብል ፊታቸው ቆመሽ እንድትበዪ እንደሚያደርጉሽ ገብቶኝ ነበር። የምትሰጪኝ እንዳይቀርብኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፣ ነገሩን በደንብ አስቤበታለሁ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝና መልሰሽ አቀረቀርሽ። በማግስቱ እንደ ልማድሽ አካፈልሽ። እኔም በላሁ። ይህን እስከ ዛሬ አላነሣንም፤ ባለፉት ሠላሳ አራት ዓመታት የተያየነውም ሁለት ጊዜ ነው፣ ለማንሣትም አይመች ነበር።

አሁን ስምንተኛው ደረጃ ላይ ስቆም ያ ሐምሌ እንዴት እንደነበር ይገባኛል። ጉልበት ከታች ሲፈስ፣ ጆሮ ውስጥ ጩኸት ሲመጣ፣ ሰው እንዳያይ የሆነ ነገር የሚሠሩ ሲመስሉ። አንቺ በእጅሽ የነበረው አረም ነበር። እኔ እንኳ ወድጄ ነው፤ ቤቴ ምግብ ሞልቷል።

በዘጠና ስምንት ከሰብለወንጌል ጋር እናንተ ዘንድ ስንመጣ ታስታውሻለሽ? በረንዳው ላይ ጎረቤቶችሽ ተሰብስበው ነበር። ቦርጬን በመዳፍሽ መታ መታ አደረግሽና «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አፍሬ ሸሚዜን ጎተትኩ። ዓፊያ ክብደት ይቀንሱ ስትለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ያ መዳፍሽ ነው። አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ።

አሁን ስለ ፎቶው። ሐሳቡ የሰብለወንጌል ነው። ሽማግሌ ቤቷ ከገባ ጀምሮ ከሰፈር ሴቶች ጋር አትነጋገርም፤ አንቺም መጥተሽ እንዲህ ሆኜ ካየሽኝ የሚወራው እውነት ሊመስል ነው። ሙሉ ልብስህን ልበስና ፎቶ ተነሣ፣ እህትህ አይታ ደህና ነው ትበል፣ መንገዱን ትተወው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም የፈለግኩት እንዳትመጪ ነበር። የሠርጌን ሙሉ ልብስ ለብሼ መጣሁ። እንደ ጆንያ ነው የሆነብኝ። ይገረም አንድ ጊዜ አየኝና ከጀርባዬ ሄዶ ኮቱን በልብስ መቆንጠጫ ሰበሰበው፤ ስድስት መቆንጠጫ። ከፊት ስታይው በልኬ የተሰፋ ይመስላል። ጉንጭህን በአየር ሙላ አለኝ። ሞላሁ። ሊያነሣኝ ሲል መብራት ጠፋ።

«መብራቱም እንደ ጋሼ ዳይት ጀምሯል» አለ። የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። አትጨነቅ፣ ጉንጭህን ኋላ በኮምፒውተር እሞላዋለሁ አለኝ። «ስንት ኪሎ ልጨምርልህ?»

«ሃያ ሁለት» አልኩት።

ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። እኔ ወረቀት ለምኜው ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ስጀምረው አትምጪ፣ ደህና ነኝ፣ ፎቶውን ተመልከቺ ልልሽ ነበር። አራት ገጽ ሆነ፤ እስካሁን ያንን አላልኩም።

ቅዳሜ አትነሺ። የምነሣው እኔ ነኝ። ነገ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ እንደ መንገዱ ሁኔታ እመጣለሁ። ሰብለወንጌልም አብራኝ ትመጣለች፤ ምን እንደምታበላኝ ከራሷ ትሰሚያለሽ። በር ላይ ስታይኝ አትጩሂ፣ ጎረቤት አትሰብስቢ። የሳህኑን ሥዕል ይዤልሽ እመጣለሁ፤ በዚያ ልክ ታቀርቢልኛለሽ፣ አትጨምሪም። ለራስሽም እንዲሁ ታቀርቢያለሽ። ጥግ አትሄጂም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ትበያለሽ፣ ጨርሰሽ፣ እኔ እያየሁሽ። ስለዚያች ማታ የምትይኝ ካለሽ ከበላን በኋላ በይኝ።

መብራት መጣ። ይገረም «ጋሼ፣ ግባ» እያለኝ ነው። አልገባሁም። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ወንበሩ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ኮቱ ሰፍቷል። ወረቀቱን አጥፌ እየወጣሁ ነው።

ወንድምሽ
ኪዳኔ