ስለተሰነጠቀው ብስክሌት ለሕዝብ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ጓድ አለነ፣
የሕዝብ መደብር ሥራ አስኪያጅ፣
ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ፍጹም ጤነኞች ትሆኑ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ የፀዳዋ ሸዋረጋ ነኝ። ባለቤቴ አስማረ ሳምንቱን ኮሶዬ እያስተማረ ሰንብቶ ቅዳሜ ወደ ቤቱ የሚወርድ መምህር ነው። ባለፈው ጥቅምት ጥገት ላማችንን ሸጠን ከመደብርዎ የእሽቅድምድም ብስክሌት የገዛን ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ በመደብሩ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሥራዎን ላለማቋረጥ ብዬ ነው።

1ኛ/ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። እኛ የፈለግነው ለጠጠር መንገድ የሚሆን ተራ ብስክሌት ነበር። እርስዎ ግን ያለው ይኸው ብቻ ነው ብለው፣ ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ፣ ዋጋው የከበደ ብስክሌት ሰጡን።

2ኛ/ ስለ ትዕግሥትዎም አመሰግናለሁ። ገንዘቡን ሳንከፍል፣ በቅዳሜ ገበያ እንስራ ስገዛ እንደማደርገው፣ የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ሹካ በጣቴ አንኳኳሁት። ግራው ጥርት ብሎ ሲጮኽ ቀኙ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ታፈነ። ብየዳው ላይ በቀለም የተሸፈነውን ስንጥቅ አሳየሁዎ። እርስዎም «እትዬ ሸዋረጋ፣ ይኼ እኮ ውኃ አይቀዳበትም፤ የወዳጅ አገር ብረት ነው» ሲሉ ሠራተኞችዎ ሁሉ ሳቁ። አስማረም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁና ስለዚያች ቀን በተለይ አመሰግንዎታለሁ።

3ኛ/ በሳምንቱ ፍሬኑ አልይዝ ቢለን ብስክሌቱን ይዘን ተመለስን። የሕዝብ ንብረት አንዴ ከወጣ እንደማይመለስ፣ ለጥገናም የቀበሌ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ አስረዱን። ቀበሌው የባለሙያ ማረጋገጫ ጠየቀ፤ ባለሙያው የእርስዎን ትእዛዝ ጠየቀ፤ እርስዎ የቀበሌውን ደብዳቤ ጠየቁ። ተማሪዎቹ ግን ደብዳቤ አይጠብቁምና አስማረ በዚያው ብስክሌት ሄደ።

4ኛ/ ከኮሶዬ ቁልቁለት ሲወርድ ሹካው በቀኝ በኩል ተሰበረ። በእህል መኪና ጭነው ያመጡልኝ ገበሬዎች ናቸው። አሁን ሐኪም ቤት ተኝቷል፤ ከወገቡ በታች ያለው ሰውነቱ አይታዘዝለትም።

5ኛ/ ትናንት ደግሞ ከአልጋው ድረስ መጥሪያ ደረሰን። አስማረ በግዴለሽነት ብስክሌት በመስበርና የወዳጅ አገርን ምርት ስም በማጉደፍ ተከሷልና፣ ዐርብ በሰፊው ሕዝብ ፊት ቀርቦ ግለ ሂስ እንዲያደርግ፣ ጥፋቱን ካላመነም ከሥራው እንደሚሰናበት ይላል። ከታች የእርስዎን ፊርማ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ቆንጆ ፊርማ እንዳለዎት አላውቅም ነበር።

ካሳ አልጠይቅም፤ ላሜንም ይመልሱልኝ አልልም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዐርብ ከመድረኩ ላይ ሆነው፣ ስንጥቁን ከመግዛታችን በፊት እንዳሳየሁዎ በአፍዎ ይናገሩ። ያችው ደመወዝ ከቀረች የምንበላው የለንም።

ሥልጣንዎ እንዲሰነብት፣ የሚቀመጡበትም ወንበር ብየዳው የጠና እንዲሆን ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ሸዋረጋ አድማሴ
ፀዳ፣ የካቲት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ግለ ሂስ የሚያደርግ ሰው ቆሞ እንዲናገር ደንብ መሆኑን መጥሪያውን ያመጣው ሰው ነግሮኛል። እኛ ደንብ አናፈርስም፤ በቃሬዛ አመጣዋለሁ። ማቆሙን ግን ለእርስዎ ትቻለሁ።