አባባን ጠየቅኋቸው

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን ስለመርዳት ጎንደር አየር ማረፊያ ለእኛ ለሠራተኞቹ የተሰጠው ሥልጠና ዓርብ አለቀ። አሠልጣኟ አምስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ነው የደጋገመችብን፦ ሰውየውን ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት። እኔማ መንገደኛ ሆኖ ለተቀመጠው ባልደረባዬ ጎንበስ ብዬ "ወዴት ልውሰድዎ?" ስል አስጨበጨበችልኝ።

ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ጋር አባባን እንደ ወትሮው ብብታቸውን ይዘን ፀሐይ ልናሞቃቸው ተነሣን። እግራቸው ከከዳቸው ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ጓሮ ነው የምናስቀምጣቸው። አፌ ለምዶ ኖሮ "አባባ፣ የት ላስቀምጥዎ?" አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። "ደጅ፣ መንገዱ ዳር። ከዛሪማ በአውቶብስ የሚመጣውን ሰው በማይበት።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?"

"ዕቃ አፍ አለው እንዴ?"

ስድስት ዓመት አጥር ሲያዩ ኖረዋል።

ወንድሜ "መንገዱ ዳር ነፋስ አለ" ብሎ ወደ ጓሮ መራ። እኔም ሌላውን ብብታቸውን እንደያዝኩ ተከተልኩት። እንደ ወትሮው አጥሩ ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው።

የዓርቡ ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ "አስቀድመው ምን ያደርጋሉ?" የሚል ነበር። "እጠይቃለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ማርክ ሰጡኝ።